ባሕር የማይደርሰው ወንዝ

የፀጉር ሠሪዋን ወንድም የትልቁ ወንዝ ደራሽ ውሃ ሲወስደው ሬሳው አልተገኘም። እናቷ ለቅሶ አልቀመጥም አሉ።

«የወንዝ መጨረሻው ባሕር አይደል? እዚያው ሄጄ እጠብቀዋለሁ» ብለው ድርቅ አሉ።

ምን ታድርግ፤ ጓዟን ጠቅልላ ባሕር ዳርቻ ካለች ከተማ ሁለት ክፍል ተከራየች። በመንገዱ በኩል ያለውን ክፍል ፀጉር ቤት አደረገችው፤ በሩ ወደ ባሕሩ የሚከፈተው የእናቷ ሆነ።

ብዙም ሳይቆዩ እናትየው ፀሐይ ስትጠልቅ «ቀጮ ልጄ አንኳኳ!» እያሉ ብድግ ይሉ ጀመር። በሩን ወለል አድርገው ከፍተው፣ «ግባ፣ ብርድ አይምታህ» ይላሉ። ወንበሩ ላይ ደረቅ ፎጣ ያኖሩለታል። ጠዋት ፎጣው ይረጥባል። ፀጉር ሠሪዋ «የባሕር አየር ነው» እያለች ራሷን ታጽናና ነበር፤ እያደር ግን ማንኳኳቱን እሷም ሰማችው። ቀስ ያለ፣ በመዳፍ የሚመታ ዓይነት ነው። ለእናቷ አልነገረቻቸውም።

ከዓመታት በኋላ አንድ ቅዳሜ፣ ፀጉር ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ሬዲዮኑ ስለ አገሪቱ ጉድ ያወራ ነበር። ውሃው ሲደርቅበት ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ዝናብ እስኪመጣ የሚተኛ ዓሣ አለ ሲል፣ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የተቀመጠችው ደንበኛ «የኔ ባል ዘመድ ነዋ!» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እናትየውም ያጠቡትን የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲ እያደረቁ ሳቁ።

«ትልቁ ወንዛችንስ ባሕር እንደማይደርስ ታውቃላችሁ?» ቀጠለ ሬዲዮኑ። «በረሃ መሃል ጨው ሜዳ ላይ ሰምጦ ይቀራል። ጠብታው እንኳ ባሕር አይገባም።»

ፀጉር ሠሪዋ ዘልላ ሬዲዮኑን ዘጋችው። ምን ዋጋ አለው። እናቷ ግን ቀና እንኳ አላሉም፤ ማድረቃቸውን ቀጠሉ። የመጨረሻዋ ደንበኛ ስትወጣ ነው የተናገሩት።

«ሰማሽው?»

«እማዬ ደግሞ! ሬዲዮ ያወራውን ሁሉ ታምኛለሽ?»

«ልጄ እዚህ ሊመጣ አይችልም ማለት ነው» አሉ። ድምፃቸው ቀጠነ። «እኔ ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት በር የምከፍተው ለማን ነው?»

ያኔ ከእናትየው ክፍል፣ ወደ ባሕሩ የሚከፈተው በር ተንኳኳ።

ሁለቱም ተያዩ። እናትየው ተነሡ፤ ሊከፍቱ ግን አልነበረም። እናትና ልጅ ቁም ሳጥኑን እየገፉ በሩ ላይ አስደገፉት። ማንኳኳቱ አልጠነከረም፣ አልተቆጣም። እንደ ወትሮው ቀስ እያለ ቆየና ቆመ።

ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄዱ። ጨው ሜዳው ጋ ሲደርሱ ወንዙ እንደ ምንጣፍ ጫፍ ሳስቶ፣ አሸዋው ሲመጠው አዩት። ቀጫጭን እግር ያላቸው ወፎች ጭቃውን ይጭራሉ። እናትየው ጭቃው ላይ ተቀመጡና፣ ያን ሁሉ ዓመት ያቆዩትን ለቅሶ እዚያ አለቀሱት።

ወደ ባሕሩ አልተመለሱም። ፀጉር ሠሪዋ በረሃው አፍ ላይ፣ የጭነት መኪኖች በሚያድሩባት ከተማ ሌላ ፀጉር ቤት ከፈተች። እናቷ አሁን እንቅልፋቸው ሰላም ነው። እሷ ግን ጀንበር ስታዘቀዝቅ መቀሷን ይዛ ጆሮዋን ታቆማለች። ፍርሃት አይደለም። ማንም ይሁን ማን፣ ግባ መባል አስለምደውት ሳይሰናበቱት መሄዳቸው ነው አንጀቷን የሚበላት።