ለመርከቡ ያልደረሰ ጥሪ

ትርንጎ መሶቡን ከጥበቡ ፊት ስባ ወደ ሌሎቹ እንግዶች ገፋችው።

"በእህቴ ተዝካር አንተ አትቆርስም" አለች። "በቃሬዛ ቴሌ ድረስ ሄዳ ብትጠራህ አልመልስ ያልህ አንተ አይደለህ?"

ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ጥበቡ ዞረ። ጥበቡ የመርከብ ሬዲዮ ሠራተኛ ነው፤ የእናቱን ሞት የሰማው ትናንት ደብረ ታቦር ሲገባ ነው። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ሁሉ በክፉ ዓይን ያየዋል፤ ምክንያቱን የነገረው ግን አልነበረም።

"ማን ጠራኝ አክስቴ? ይስሙኝ" አለ። "መሀል ባሕር ስልክ የለም። አሰብ ያለው ጣቢያ ጥሪ የመጣላቸውን መርከቦች ስም በሬዲዮ ይናገራል። የተጠራው በተባለው ሞገድ ይመልሳል፣ ጣቢያው ከስልክ ያገናኘዋል። ጆሮዬን ከሬዲዮው ነቅዬ አላውቅም። የኛ መርከብ አልተጠራችም። ጋሼ ይሻው፣ የጣቢያውን ቁጥር ሰጥቼህ አልነበር?"

ታላቅ ወንድሙ ይሻው ከወግ ዝንፍ አይልም የሚባል ሰው ነው። ወግ ደግሞ ለክፉ ሥራ ጥሩ መሸሸጊያ ነው።

"ደውያለሁ" አለ ይሻው ጋቢውን እያስተካከለ። "የጣቢያው ሰው መርከቡን ልጥራልህ አለኝ። ሌላ ሰው ይሰማናል ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ በዚያ ሞገድ ሬዲዮ የከፈተ መርከብ ሁሉ ይሰማል አለ። ተወው ብዬ ዘጋሁት። የእናቴን ጣር ለባዕድ መርከበኛ ላሰማ ኑሯል?"

"አይመልስም አይደል ያልኸን?" አለች ትርንጎ። ወደ ይሻው ዞረች። "ቴሌው በር ላይ ነበርን እኮ። እኔን ልጄን እያለች ነው ይዘናት የተመለስነው። አርባ ቀን ሙሉ ይኼን ልጅ ስረግም ከርሜአለሁ።"

ጥበቡ በማዕበል ውስጥ ለማያውቀው የባዕድ መርከብ ሁሉ መልስ ሲሰጥ ኖሯል፤ የገዛ እናቱ ጥሪ ግን ቴሌ ቤት ውስጥ ታፍኖ ቀረ።

የነፍስ አባታቸው መስቀላቸውን አወጡ። "ልጆቼ፣ የቤት ነገር በቤት ይለቅ። ጓዳ ግቡና ተነጋገሩ።"

ይሻው ፈጥኖ ተነሣ። ጥበቡ ከመደቡ አልተነቃነቀም።

"እናቴ ምን ልትለኝ ነበር የፈለገች?" አለው ይሻውን።

ይሻው በጆሮው ሊነግረው ጎንበስ አለ። ጥበቡ ደረቱን በመዳፉ ገፍቶ መለሰው።

"እዚያው ቆመህ ተናገር፣ ይሻው" አለ። "ሰው ሁሉ ይስማ።"