ከጀሪካን የተቆረጠ ቀለበት

የተቆጣጣሪው እህት ባል ሥራው ፍራሽ መሸጥ ነው። ሱቁ ውስጥ ፍራሹን በክርኑ እየደቆሰ፣ «ለስለስ ሲል ነው ሰውነት የሚይዘው» እያለ ደንበኛ ሲያግባባ ይውላል። መሪ ሲጨብጥ ግን ሌላ ሰው ነው። ጎማ መጠንከር አለበት፤ ድንጋይ መሆን አለበት። «ጥይቱ» የሚለውን ስም ለራሱ ያወጣውም ራሱ ነው። ሌላ ሰው እስኪያወጣለት ቢጠብቅ ኖሮ እስካሁን ስም አይኖረውም ነበር።

ያን እሁድ የእሽቅድምድሙ ሜዳ መኪና ላለው ሁሉ ክፍት ነበር። የጥይቱ ሚስት ወንድም ደግሞ መግቢያው ላይ ቆሞ መኪኖቹን የሚፈትሸው ተቆጣጣሪ ነው። ጎማ ያያል፣ ማሰሪያውን ዳዶ ይነካካል፣ ንፋስ ይለካል፤ ደህና ከሆነ መስታወቱ ላይ አረንጓዴ ስቲከር ይለጥፋል። ስቲከር የሌለው ሜዳው ውስጥ አይገባም። እስከዚያ ቀን የከለከላቸው ሰዎች በሙሉ የማያውቃቸው ስለነበሩ፣ ራሱን እንደ ደፋር ይቆጥር ነበር።

ጥይቱ እየተጀነነ መጣ። ከጎኑ ሚስቱ፣ የተቆጣጣሪው እህት፣ ሄልሜቷን ከቤት ጀምራ አጥልቃ፣ ፎቶ እንደሚያነሷት ሰው ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ከኋላ የእህትና ወንድሙ እናት ነች። እናትየው ወርዳ ታጣፊ ወንበሯን አጥሩ ሥር ዘረጋችና ሴት ልጇ እንዴት እንደምትበር ልታይ ተመቻችታ ተቀመጠች።

መኪናው አዲስ ጫማ አድርጓል። ሰፋፊ፣ እንደ መስታወት ፊት የሚያሳዩ ቸርኬዎች፣ ጎማው የሚጠለቅባቸው ብረቶች፤ ከሌላ ዓይነት መኪና ላይ የወለቁ።

«ልክክ አሉ እኮ» አለ ጥይቱ። «ቀዳዳው ሁሉ ገጠመ።»

የዳዶው ቀዳዳ በእርግጥ ገጥሟል። የመሃሉ ክብ ግን፣ የጎማው መዞሪያ እምብርት፣ ሞዞው፣ የሚገባበት፣ ከሞዞው ይሰፋል። ቸርኬ መሃሉ ላይ የሚይዘው ካጣ ደግሞ የአባቱን ጫማ እንዳጠለቀ ሕፃን ነው፤ ቆሞ ሲያዩት ያምራል፣ ሲሮጥ ነው ጉዱ።

«ክፍተቱንስ ምን አደረግከው?»

«እማማ ቀለበት ሠርተውለታል።»

እነሱ ቤት ጀሪካን ሲያረጅ አይጣልም። እናትየው በቢላዋ የአበባ መትከያ ታደርገዋለች፣ የቆሻሻ ማፈሻ፣ የሳሙና ማስቀመጫ፣ ለሚንገዳገድ ጠረጴዛ እግር መደገፊያ። ልጆቿ ያደጉት ከዚያ ቢጫ ፕላስቲክ ጋር ነው። አሁን ደግሞ የመኪናው ተራ ደርሷል።

«አራቱንም ቁጭ ብዬ ሳልነሳ ጨረስኳቸው» አለች ከወንበሯ። «ጠርዙን ሳይቀር በእሳት አለሰለስኩት።»

«እጅሽ ይባረክ እማዬ» አለ ተቆጣጣሪው፣ ወደ ጎማው ጎንበስ እያለ።

የንፋስ መለኪያውን ጎማው ላይ ሲሰካ መርፌው የሚያሳድደው ያለ ይመስል ሮጠ።

«ይሄን ያህል ማን ነፋው?»

«ጎማው ራሱ ነዋ የጻፈው።» ጥይቱ በመስኮቱ ወጣ ብሎ በጎማው ጎን ላይ ያለውን ቁጥር በጣቱ አሳየ። «የሠራው ፋብሪካ ያላወቀውን አንተ ልታውቅ ነው?»

«ከዚህ አታሳልፍ ነው የሚልህ፣ እዚህ አድርስ አላለህም። ሊፍት ላይ ስምንት ሰው ተብሎ ስለተጻፈ ብቻህን ስትሆን ሰባት ሰው ትለምናለህ?»

«ከተገኘ ምን ችግር አለው።»

«ሜዳው ላይ ሲግል ንፋሱ ገና ይጨምራል። ጎማው እንደ ፊኛ ይወጠርና መሬቱን በመሃሉ ብቻ ይነካል። ኩርባው ላይ አንተ መሪ ታዞራለህ፣ መኪናው ደህና ዋል ብሎህ ወደ ግንቡ ይሄዳል።»

«ይሄንን የሚለው ብስክሌት የሚነዳ ሰው ነው» አለ ጥይቱ ለሚስቱ። ሄልሜቱ ውስጥ ሳቅ ተሰማ።

ተቆጣጣሪው ወደ ሄልሜቱ ተመለከተ። ስቲከሩን ቢለጥፍ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ የምትዞረው እሷ ነች።

«መንገድ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር?»

«ትንሽ። የስፖርት መኪና አይደል? ቁልቁለቱን እንዴት እንዳወረድኳት ብታይ! ፍሬኑ እስኪሸት።»

«ውረዱ» አለ ተቆጣጣሪው፤ ክሪኩን አመጣ።

ከአንዱ የፊት ጎማ ሁለቱ ዳዶዎች ቁልፍ ሲነካቸው ያለምንም ልፋት ዞሩ፤ መንቀጥቀጡ አስቀድሞ ፈትቷቸው ነበር። ቸርኬው ሲወልቅ ከውስጥ የሞቀ ፕላስቲክ ሽታ ወጣ። የእናቱ ቀለበት በፍሬኑ ግለት ለስልሶ፣ በአንድ ጎኑ ተጨፍልቆ፣ በሌላው ተለጥጦ፣ እንደታኘከ ማስቲካ ሞዞው ላይ ተጣብቋል። ገና ወደ ሜዳው ሳይገባ መሆኑ ነው።

ጥይቱ ጎንበስ ብሎ መረመረ። «አየህ?» አለ። «አሁን ነው ልኩን ያገኘው።»

«ለጥፍላቸውና ይሂዱ ልጄ» አለች እናቱ። «ለባዳ አይደለም፣ ለእህትህ ነው።»

«ለእሷ ስለሆነ እኮ ነው እማዬ።»

«ከተከለከልን» አለ ጥይቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኛ ቤት ደጃፍ እንዳላይህ።»

ተቆጣጣሪው ስቲከሩን በጣቶቹ መሃል ይዞ ቆመ። ከጀርባው የተሰለፉት መኪኖች ጥሩምባ መንፋት ጀመሩ። እህቱ መጥታ አጠገቡ ቆመች፤ በሄልሜቱ ውስጥ የሚታዩት ዓይኖቿ ብቻ ናቸው።

«አንተ ብትሆን ትገባባታለህ?»

አዎ ቢላት ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር። እናቱ ትመርቀዋለች፣ አማቹ ጀርባውን መታ መታ ያደርገዋል፣ እሷ ትገባለች።

«አልገባም» አለ።

ሄልሜቷን አወለቀችና ለባሏ አስታቀፈችው። ፀጉሯ በላብ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። ወንድሟ ሊያመሰግናት አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

«አልገባም ማለቴ ነው እንጂ አንተ ልክ ነህ አላልኩም። ለእማዬ ራስህ ንገራት።»

ቀለበቱን በጨርቅ ፈልቅቆ አውጥቶ ወሰደላት። እናቱ ተቀብላ አገላበጠችው፤ የለሰለሰውን በጥፍሯ ጫን አድርጋ ሞከረችው።

«ስስ ሆኖ ነው» አለች በመጨረሻ። «የወፍራሙን ጀሪካን ምነው ሳላስበው።»

«እሱ ይሻላል እማማ!» አለ ጥይቱ፣ ተስፋው ነፍስ ዘርቶ።

ተቆጣጣሪው መኪናው ከተሰቀለበት እንዳይወርድ የክሪኩን እጀታ ነቅሎ ብብቱ ሥር ሸጎጠና ወደሚቀጥለው መኪና ሄደ።