ጋራዥ የማታውቀዋ ኮሮላ

በዚያ ፌርማታ የሰውየውን ትክክለኛ ስም የሚያውቅ አልነበረም። ሁሉም የሚጠራው «ጃፓኑ» እያለ ነው። ጃፓንን በካርታ ላይ አሳየን ቢሉት ጣቱ የት እንደሚያርፍ እንጃ። ግን ነጭ ኮሮላውን ይዞ ታክሲ መሥራት ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። በእነዚህ ዓመታት ስለ ቶዮታ ሳያወራ የዋለበት ቀን ቢፈለግ አንድ ይገኛል፤ እሱም መንጋጋውን ያስነቀለ ዕለት ነው።

ተሳፋሪ ገና በሩን ሳይዘጋ ይጀምራል።

«ይቺ መኪና ጋራዥ አታውቅም። በበሩ አልፋ ይሆናል እንጂ ገብታ አታውቅም። ብረቷ ከምን እንደተሠራ ያውቃሉ?»

አላውቅም ያለ ተሳፋሪ አለቀለት። ጃፓኑ እንደሚለው የኩባንያው መሥራች ሰይፍ ቀጥቃጭ ነበር። ንጉሡ አንድ ቀን ጦርነት በቃኝ አለ፤ ሰውየው በአገሩ ያሉትን ሰይፎች ሁሉ ሰብስቦ አቀለጠና የመጀመሪያውን ሞተር ሠራ። «ስትነሳ ሽ... የምትለዋን ድምፅ ሰሟት? ሰይፍ ካፎቱ ሲወጣ ማለት ነው!» ታሪኩን ከየት እንዳገኘው ራሱም አያስታውስም። መጀመሪያ ሲያወራ ሰይፎቹ መቶ ነበሩ። ባለፈው ክረምት አርባ ሺህ ደርሰዋል።

ከጎኑ የሚቆመው ባለታክሲ ደግሞ «ጋራዥ» ይባላል። የእሱ መኪና የየት አገር ሥሪት እንደሆነች ከተረሳ ቆይቷል፤ አርማዋ ወድቋል፣ አራቱ በሮቿ ሦስት ዓይነት ቀለም አላቸው። በየሁለት ሳምንቱ መካኒክ ዘንድ ስለሚወስዳት ነው ስሙ የወጣለት። ጃፓኑ ባየው ቁጥር «ምነው፣ መካኒኩ አልጋ አላነጠፈልህም እንዴ?» ይለዋል። ጋራዥ ፈገግ ብሎ መስታወቱን ይወለውላል። መልስ የሚያበዛ ሰው አይደለም።

ጃፓኑን የማይሰማው የገዛ ቤቱ ብቻ ነበር። ሚስቱ የሰይፉን ታሪክ ከሠርጋቸው ሳምንት ጀምሮ ስለሰማችው፣ ገና «ንጉሡ አንድ ቀን» ሲል ተነስታ ዕቃ ታጥባለች። አማቱ፣ የሚስቱ አባት፣ በጓሮው ክፍል ብርድ ልብስ ሲሸምኑ ይውላሉ። ጃፓኑ ሽማግሌውን አይጠላቸውም፤ ግን ሥራቸውን ሥራ ብሎ አይቆጥረውም። «ሞተር የሌለው ነገር ላይ ተቀምጦ ክር መቁጠር! ዕድሜ ልክ ተነድቶ አንድ ክንድ አይሄድም!» ይላል፣ አይሰሙኝም ብሎ። የሽማግሌው ዓይን ደከመ እንጂ ጆሯቸው መርፌ ስትወድቅ ይሰማል። ሰምተውም ሽመናቸውን ይቀጥላሉ።

አንድ ቀን ከመኪና አስመጪው ድርጅት ሰዎች ወደ ፌርማታው መጡ። አዲስ የጥገና ማዕከል በማግሥቱ ሊመረቅ ነው፤ ከጃፓን አንድ አንጋፋ መሐንዲስ መጥተዋል፤ ረጅም ዘመን ያገለገለች ቶዮታ ያለው ሰው ተገኝቶ ስለ ኩባንያው ታሪክ ባጭሩ ቢናገር ደስ ይለናል አሉ። መመካከር አላስፈለገም። የፌርማታው ጣት ሁሉ ወደ አንድ ሰው ዞረ።

ጃፓኑ በማግሥቱ ጠዋት መኪናዋን ሁለት ጊዜ አጠበ፣ ራሱን አንድ ጊዜ ታጠበ፣ የወንድሙን ከረባት አሰረ። ሊወጣ ሲል ሚስቱ በሩ ላይ ቆማለች።

«አባባን ዓይን ሐኪም ታደርሰዋለህ።»

«ዛሬ? ዛሬ እኮ ጃፓናዊው...»

«የሐኪሙ ቀጠሮ ከወር በፊት የተያዘ ነው። የአንተ ጃፓናዊ የተሰማው ትናንት ነው።»

ተከራክሮ እንደማያሸንፍ ያውቃል። ሽማግሌውን አሳፈረና ምርቃቱ እንዳለቀ ሐኪሙ ጋ አደርሳቸዋለሁ ብሎ አሰበ። አዳራሹ ሲደርሱ ከመጨረሻው ረድፍ አስቀመጣቸው።

«አባባ፣ እዚህ ይቀመጡ። ምንም አይናገሩ፣ እሺ?»

«ምን እናገራለሁ ልጄ? እኔ ስለ መኪና ምን አውቃለሁ?»

ጃፓኑ መድረክ ላይ ወጣ። መቼም ሰው እንዲያ ተናግሮ አያውቅም! ቀጥቃጩን አነሳ፣ ንጉሡን አነሳ፣ ሰይፎቹን እዚያው ቆሞ ወደ ስልሳ ሺህ አሳደጋቸው። «ለዚህ ነው የኔ ኮሮላ በሃያ ሁለት ዓመት ጋራዥ ገብታ የማታውቀው!» ብሎ ሲጨርስ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የአስመጪው ሥራ አስኪያጅ ብቻ አላጨበጨቡም፤ የሚመረቀው ነገር ጋራዥ ነበርና።

እንግዳው መሐንዲስ ፀጉራቸው የነጣ ቀጭን ሰው ናቸው። አስተርጓሚዋ፣ መነጽር ያደረገች ቀልጣፋ ልጅ፣ በጆሯቸው ስትነግራቸው ቆይታለች። ተነሱና እጅ ነሱ፤ ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ ተናገሩ። አስተርጓሚዋ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«ይህን የሰይፍ ታሪክ ከዚህ በፊት አልሰማሁትም፤ በጣም ያምራል ይላሉ። ግን ቶዮታ የተጀመረው በሽመና ነው ይላሉ።»

ጃፓኑ ክው አለ። «በምን?»

«በሽመና። በጨርቅ መሸመኛ።»

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቁን ለማፈን ሞክሮ አልቻለም፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልሞከረም። ጃፓኑ የሚገባበት ቀዳዳ ሲፈልግ ከመጨረሻው ረድፍ አንድ የሽማግሌ ድምፅ መጣ።

«ምን አሉ? እስቲ ይድገሙልኝ፣ ምን አሉ?»

አማቱ ናቸው። ወንበር ተደግፈው ቆመዋል። አስተርጓሚዋ ደገመችላቸው፤ መሐንዲሱም ፊታቸውን ወደ እሳቸው አዙረው ቀጠሉ። የኩባንያው መሥራች የአናጺ ልጅ ነበር። እናቱ ስትሸምን እያየ አደገ፣ ድካሟን የሚያቀል የእንጨት መሸመኛ ሠራ። ኋላም ክር ሲበጠስ በራሱ የሚቆም ማሽን ፈለሰፈ። መኪና የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው፤ የመሥራቹ ልጅ እዚያው የመሸመኛ ፋብሪካው ውስጥ አንድ ክፍል አስከልሎ ጀመረው።

«በራሱ ይቆማል?» አሉ ሽማግሌው። «አንዲት ክር ብትበጠስ?»

«አንዲት ክር ብትበጠስ።»

«እሱማ ሥራ የገባው ሰው ነው! ያልገባው ጨርቁ እስኪበላሽ ይቀጥላል። አንዷ ስትበጠስ መቆም ነው ሽመና ማለት!»

መሐንዲሱ ይህ ሲተረጎምላቸው ከመድረኩ ወርደው፣ ሰዉን አቋርጠው ሄዱና አማቱ ፊት ከወገባቸው ጎንበስ አሉ። አማቱም አጸፋውን መለሱ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ማን ቀድሞ ቀና እንደሚል ግራ ተጋብተው ለጥቂት ጊዜ እንደታጠፉ ቆዩ። ወዲያው መሐንዲሱ መሸመኛውን ካላየሁ አሉ። ሥራ አስኪያጁ «ምሳ ተዘጋጅቷል፣ የድርጅቱ መኪና አለ» ቢሉም ጆሮ ዳባ ልበስ ተባሉ። መሐንዲሱ በኮሮላዋ መሄድ ነው የምፈልገው አሉ።

«አባባ፣ የዓይን ሐኪሙስ?» አለ ጃፓኑ በሹክሹክታ።

«ዓይኔ ይቆየኛል። አንተ ንዳ።»

አማቱ ጋቢና ተቀመጡ፤ መሐንዲሱና አስተርጓሚዋ ከኋላ። ገና ሁለት መታጠፊያ እንዳለፉ ከፊት ቀኝ ጎማ በኩል ያ ድምፅ መጣ። ቅጭ... ቅጭ... ቅጭ። ጃፓኑ ይህን ድምፅ ለስምንት ወር ሲያክመው ቆይቷል። መድኃኒቱ ሬዲዮ ነበር። አሁንም እጁን ሰዶ ከፍ አደረገው። ከኋላ መሐንዲሱ አንድ ነገር አሉ።

«ይቁም ይላሉ» አለች አስተርጓሚዋ።

«ምንም አይደለም በያቸው። ቶዮታ ነው።»

«ቶዮታ መሆኑን እንኳ ያውቃሉ።»

ጃፓኑ ወደ መስታወቱም ወደ ኋላም ማየት ፈርቶ ነዳ። አማቱ ሬዲዮውን በእጃቸው ዳብሰው አጠፉት።

«ልጄ፣ ቁም።»

ቆመ። መሐንዲሱ ኮታቸውን አውልቀው አጣጥፈው ለአማቱ ሰጡ፤ በነጭ ሸሚዛቸው አስፋልቱ ላይ ተጋድመው ከመኪናዋ ሥር ገቡ። አማቱ የኮቱን ገበር በጣቶቻቸው እያሹ «አይ፣ ይሄ ጥሩ ሽመና ነው» ይላሉ። መሐንዲሱ ጎማውን ነቀነቁት፤ እንደ ወላቃ ጥርስ ተነቃነቀ። ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልቋል። ተነሱና ኮፈኑን አስከፈቱ። የዘይት መለኪያዋን ዘንግ ስበው በመሐረባቸው ጠረጉ፣ መልሰው ነክረው አወጡ። ጫፏ ላይ ጉንዳን የምታህል ጥቁር ነጥብ ብቻ ነበረች። ዘንጓን ወደ ጃፓኑ ፊት አስጠጉና የጠየቁት አንዲት ቃል ነበረች።

«ለምን ይላሉ» አለች አስተርጓሚዋ። «ኩሽኔታው ለምን አለቀ?»

«ቅባት አጥቶ ይሆናላ።»

«ለምን ቅባት አጣ?»

«መካኒክ ስላላየው።»

«መካኒክ ለምን አላየውም?»

«ጋራዥ ስላልገባች! ነገርኳቸው እኮ!»

«ለምን አልገባችም?»

ጃፓኑ ከረባቱን አላላ። «እኔ ስላላስገባኋት ነዋ።»

መሐንዲሱ አልተቆጡም። ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው፣ የታመመ ሰው እንደሚጠይቅ ሆነው አምስተኛውን ጠየቁ። አስተርጓሚዋም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እርስዎስ ለምን አላስገቧትም?»

አጠገባቸው መኪኖች ያልፋሉ። ጃፓኑ መሬት መሬቱን አየ።

«አትገባም ብዬ ስላወራሁ» አለ በመጨረሻ። «ስንት ዓመት ሙሉ ጋራዥ አታውቅም እያልኩ፣ አንድ ቀን ጋራዥ በር ላይ ቢያዩኝስ? በፊት በፊት ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ በድብቅ እወስዳት ነበር። ባርኔጣ አድርጌ። መካኒኩም ሚስጥር ጠባቂ ነበር። እሱ ሥራ ካቆመ ሦስት ዓመት ሆነው፤ ሌላ ሰው ማመን አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ ዘይት እንኳ የምጨምርላት ሰው ሳያይ ነው። እሱንም ስረሳ ከረምኩ።»

«ባርኔጣውን ልተርጉመው?» አለች አስተርጓሚዋ።

«ተርጉሚው። ምን ቀረኝ።»

መሐንዲሱ እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱት። «በድብቅም ቢሆን ለብዙ ዓመት ስላስታመሟት አመሰግናለሁ ይላሉ። ከእንግዲህ ግን በግልጽ ያድርጉት ይላሉ።» አማቱ ሳቃቸው አምልጧቸው በኮቱ አፋቸውን ሸፈኑ።

ይኼኔ ነው አንዲት ባለ ሦስት ቀለም መኪና አጠገባቸው የቆመችው። ጋራዥ ነው። ወረደ፤ የተከፈተውን ኮፈን አየ፣ ከረባቱን አየ፣ አስፋልት የነካውን ነጭ ሸሚዝ አየ። ጃፓኑ ለሚመጣበት ስድብ ተዘጋጅቶ ዓይኑን ጨፈነ። ጋራዥ ግን የኋላ ሣጥኑን ከፍቶ ገመድ አወጣና ማሰር ጀመረ። ገመዱ ንጹሕ ነበር፤ በሥርዓት ተጠቅልሎ የተቀመጠ።

«ምንም አትልም?» አለ ጃፓኑ።

«ማርሹን ነጻ አድርገው» አለ ጋራዥ።

ሌላ መንገድ ስለሌለ በፌርማታው አለፉ። ባለታክሲዎቹ በሙሉ ቆመው ሲያዩ፣ አንዱ ክላክስ ነፋ፣ ሌላው ተቀበለው፣ እንደ ሠርግ ታጅበው አለፉ። መሐንዲሱ ለክብራቸው የተደረገ አቀባበል መስሏቸው በመስኮቱ እጃቸውን ያውለበልባሉ። ጃፓኑ መሪው ሥር ለመደበቅ ሞከረ፤ ግን የሚጎተትም መኪና ቢሆን መሪ የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል።

ቤት ሲደርሱ ሚስቱ በር ላይ ወጣች። ባሏ በገመድ ተጎትቶ መጥቷል፤ አባቷ የማታውቀውን ኮት ታቅፈዋል፤ ከኋላ አንድ ሸሚዛቸው የቆሸሸ የውጭ አገር ሰው ወረዱ። ሁሉንም ተራ በተራ አየቻቸው።

«ዓይን ሐኪሙ እሳቸው ናቸው?» አለች።

አባቷ ግን የሚመልሱበት ጊዜ አልነበራቸውም። እንግዳቸውን እየመሩ ወደ ጓሮው ክፍል ገብተዋል። መሐንዲሱ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ድሩን እንደ በገና ክር በጣታቸው ጫፍ ነኩት። አማቱ ተቀምጠው መወርወሪያውን ወረወሩ፤ ወዲያ፣ ወዲህ። ሁለቱም በየቋንቋቸው ያወራሉ፤ አስተርጓሚዋ መጀመሪያ ለመተርጎም ሞከረች፣ ኋላ የሚሰማት እንደሌለ ስታውቅ ከሚስቲቱ ጋር ደረጃው ላይ ተቀምጣ ውሃ ጠጣች። ድንገት ከመሃል አንዲት ክር ተበጠሰች። የአማቱ ዓይን አላያትም፤ እጃቸው ግን አየር ላይ ቀጥ አለ። መሐንዲሱ እንደ ሕፃን አጨበጨቡ። ጃፓኑ ይህን ሁሉ ያየው ከውስጥ በኩል በሩን ተደግፎ ነው። በዚያ ቤት ሲኖር ያንን ደፍ አልፎ ሲገባ የመጀመሪያው ነበር።

በማግሥቱ ኮሮላዋን ፌርማታው ማዶ ካለው መካኒክ ወሰዳት፤ ያለ ባርኔጣ። ጋራዥ ነው በዚያው ገመድ የጎተታት። አማቱም የሞተር ሆድ ዕቃ ማየት አለብኝ ብለው አብረው ሄዱ። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ የዘይት መለኪያዋን ስቦ አየና «አራት ቀን ተውልኝ» አለ። ተመልካች እንደሆነ በሽ ነበር፤ የአዳራሹም ወሬ ቀድሞ ደርሷል። አንዱ «ሰይፎቹ ዛጉ እንዴ?» ሲል ሌላው «ኧረ ክሩ ተበጥሶ ነው!» አለ። ጃፓኑ አብሯቸው ሳቀ። መጀመሪያ ላይ ሳቁ የይሉኝታ ነበር፤ ኋላ ግን ከልቡ መጣለት።

ወደ ቤት በእግር ተመለሱ። ሽማግሌው ክንዱን ይዘዋል፤ ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት። ያለ መኪና እንዲህ ጎን ለጎን ሄደው አያውቁም ነበርና ለመጀመሪያዎቹ ሁለት መንገዶች የሚወራ ጠፋ።

«አባባ» አለ ጃፓኑ ሦስተኛውን መንገድ ሲይዙ፣ «አንድ ብርድ ልብስ ስንት ክር ይፈጃል?»

ሽማግሌው ቆም አሉ። እየቀለደ እንዳልሆነ ከድምፁ አረጋገጡ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ከጥጡ ፍሬ ጀመሩለት፤ ቤታቸው በር ሲደርሱ ገና ፈትሉ ላይ ነበሩ።