የኋላው ፉርጎ

"ባቡሩ እኮ ለሁለት ተከፍሏል!" አለ ትኬት ተቆጣጣሪው። እንዲገባት ብሎ ሁለት መዳፎቹን ገጠመና አለያያቸው። "የፊተኛው ወደ ሐይቁ ሄደ። እኛ ወደ ተራራው ነን። በድምፅ ማጉያ ሦስት ጊዜ ተናግረናል።"

ኢሪያ ድምፅ ማጉያውን ሰምታለች። ሰምታለች እንጂ በፍጥነት የተነገረው ጀርመንኛ አልገባትም። ጠዋት ሙኒክ ላይ ሲሳፈሩ የፊተኛው ፉርጎ በቅዳሜ ተጓዦች ጢም ብሎ ነበር። ጓደኛዋ ማይቴ ሻንጣቸውንና የኢሪያን ካፖርት ይዛ እንደ ምንም ተጋፍታ ገባች፤ ኢሪያ "ሐይቁ ጋ እንገናኝ" ብላ ወደ ኋላ ሮጠች።

"ትኬትሽስ?"

"ጓደኛዬ ጋ ነው። የቡድን ትኬት ነው።"

"ቡድኑ የታለ?"

ኢሪያ በመስኮቱ በኩል ወደማይታየው ሐይቅ ጠቆመች። ሰውየው ሳቁን ዋጥ አደረገ። "አልቀጣሽም። ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ውረጂና ተሻግረሽ ተመለሺ።"

ወረደች። ፌርማታው አንድ ምሰሶና አንድ የተሰነጠቀ መስታወት ያለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ብቻ ነበር። ሚያዝያ ቢሆንም በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይወርዳል። ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ቃል በቃል እየቆጠረች አነበበችው፦ የወዲያኛው ሐዲድ እየተጠገነ ስለሆነ ዛሬ የመመለሻ ባቡር የለም፤ አውቶቡስ አስር ሰዓት ከሃያ ላይ ያልፋል። ገና ሰባት ሰዓት አልሞላም።

ለማይቴ ደወለች። ማይቴ ስልኩን ያነሳችው ገና አንዴ ሳይጮኽ ነበር። "የት ነሽ? ወይ ጉድ! እዚያው ቁጭ በይ፣ የትም እንዳትሄጂ።"

"የምቀመጥበት የለም። ዝናቡ እየገረፈኝ ነው።"

"እንግዲያው ሰው ፈልጊና ስልኩን ስጪው። እኔ አነጋግረዋለሁ።"

ኢሪያ ስልኩን ዘግታ ኪሷ ከተተችው። ዕድሜዋ ሃያ ሁለት ነው። ከስፔን የወደብ ከተማ ከቪጎ፣ ሰርዲን ዓሣ ቆርቆሮ ውስጥ እያሸገች ካሳደገቻት እናት ቤት፣ ለአንድ ዓመት የእንስሳት ሕክምና ልትማር ከመጣች ሰባት ወር ሆናት። በእነዚህ ሰባት ወራት ባንክ ቤት ማይቴ ተናገረችላት፤ ለአከራይዋ ማይቴ ተናገረችላት፤ ጥርሷን ሲያማት እንኳ የቱ ጥርስ እንደሆነ የነገረችው ማይቴ ናት። የፈተና ክፍል ግን ጓደኛ አያስገባም። ባለፈው ረቡዕ ፕሮፌሰሩ ስለ ፈረስ ቁርጠት ሲጠይቃት መልሱን አሳምራ ታውቀው ነበር፤ ግን በጀርመንኛ ማስረዳት አቃታት። ሰዓቱ አለቀና ቀጣዩ ተማሪ ተጠራ። እናቷ በስልክ "ተመለሺ የኔ ልጅ፤ ወደ ቤት መመለስ ነውር የለውም" ስትላት "አስብበታለሁ" ብላ ስልኩን ዘጋች።

ከፌርማታው በላይ፣ ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ርቆ፣ የገበሬ ቤት ይታያል። አንገቷን ሹራቧ ውስጥ ቀብራ ዳገቱን ተያያዘችው።

በሩ ጋ ሳትደርስ የላም ጩኸት ሰማች። ረጅም፣ የደከመ ጩኸት ነበር። ከበረቱ የጎማ ቦት ጫማ ያደረጉ፣ ግራ እጃቸው በጄሶ የታሰረ አሮጊት ብቅ አሉ።

"የዶክተሩ ረዳት ነሽ?" አሉ። የተራራ ሰው አነጋገር ነው፤ ግማሹን ቃል ይውጡታል። ለኢሪያ ጥርት ብሎ የተሰማት "ዶክተር" የሚለው ብቻ ነበር።

"አይደለሁም። ተማሪ ነኝ። የእንስሳት ሕክምና።"

አሮጊቷ ከላይ እስከ ታች አዩዋትና ንግግራቸውን እንደ ጎርፍ ለቀቁት። ኢሪያ እጇን አነሳች። "ቀስ ብለው፣ እባክዎ።"

"ላም። ምጥ። ከማለዳ ጀምሮ። ዶክተሩ ሩቅ ነው፤ ከአስራ አንድ ሰዓት በፊት አልደርስም አለ። ልጄ ከተማ ወርዷል። እኔ ደግሞ ይኸው" ብለው ጄሶውን ከፍ አደረጉ። "አሁንስ ገባሽ?"

"ገባኝ።"

"አዋልደሽ ታውቂያለሽ?"

መዋሸት ቀላል ነበር። "ሁለት ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ። በእጄ ግን አላዋለድኩም።"

"እጅሽን አምጪ።" አሮጊቷ እጇን ይዘው እንደ ገበያ ዕቃ አገላበጡት። "ትንሽ ናት። ትሻላለች። እኔ ዜንዚ እባላለሁ። ግቢ።"

"እባክዎ፣ ሙቅ ውሃና ሳሙና..."

"'እባክዎ'ውን ተይውና ክንድሽን ታጠቢ!"

ላሟ ጭድ ላይ በጎኗ ተጋድማለች። ከበስተኋላዋ አንዲት ሰኮናና የጥጃው አፍንጫ ጫፍ ይታያል። ሁለት ሰኮና መሆን ነበረበት። ኢሪያ ክንዷን እስከ ትከሻዋ በሳሙና አለስልሳ፣ ተንበርክካ እጇን አስገባች። ውስጡ ይፋጃል። ላሟ ስታምጥ ክንዷ በድንጋይ መሀል እንደተያዘ ሁሉ ተጨመቀና እንባዋ ዱብ አለ። ምጡ ሲለቃት የጥጃውን ግንባር፣ አንገቱን፣ ትከሻውን እየዳሰሰች ወረደች። በስፔንኛ ትለፈልፍ ጀመር።

"በሰው ቋንቋ ተናገሪ!" ብለው ጮሁ ዜንዚ።

"እግር! አንዱ እግር... ወደ ኋላ..." ቃሉ ጠፋባት። ነጻ እጇን ከአንጓው ቆልምማ አሳየቻቸው።

"ታጥፏል።"

"ታጥፏል! ጉልበቱ ላይ ታጥፏል። መጀመሪያ ጥጃውን ወደ ውስጥ እገፋለሁ። ከዚያ እግሩን አመጣለሁ። እርስዎ ላሟን ይያዙልኝ።"

ላሟ አምጣ እስክታርፍ ጠበቀች። ጥጃውን ወደ ውስጥ ገፋችው፤ ሾለከባት። ደግማ ገፋች። ሦስተኛው ላይ ክንዷ ደንዝዞ የራሷ አልመስል አላት። አውጥታ አራገፈችው፤ እንደገና ሳሙና ቀብታ ተመለሰች። የጥጃው ሰኮና ስለት ስለሆነ የላሟን ማህፀን እንዳይቀድ መዳፏ ውስጥ ሸሸገችው፤ ቀስ፣ ቀስ እያለች ወደ ፊት ሳበችው። ድንገት እግሩ ተዘረጋ። አሁን ሁለት ሰኮናዎች ጎን ለጎን ብቅ አሉ።

"ገመድ!"

ዜንዚ ገመዱን ወረወሩላት። ኢሪያ ሁለቱን እግሮች አስራ ባላት ኃይል ሁሉ ሳበች። ጥጃው በውሃና በደም ተለውሶ ጭዱ ላይ ሲዘረገፍ ኢሪያም አብራው ወደቀች። ጥጃው ግን አይተነፍስም። የአፉንና የአፍንጫውን ልጋግ ጠረገች፤ ደረቱን በጭድ ፈተገችው። ምንም የለም። አንድ ሰበዝ ጭድ አንስታ አፍንጫው ውስጥ ከተተችና አዟዟረችው። "ተነሥ፤ ተነሥ እንጂ፤ ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ..."

ጥጃው አስነጠሰ። ራሱን አራገፈ፤ ደግሞ አስነጠሰ።

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ላሟን ዳሰሱ። ምስጋና ስትጠብቅ "ቸኩለሻል" አሏት። "ገመድ የሚሳበው ላሟ ስታምጥ ነው። አንቺ እሷ ስታርፍም ትስቢያለሽ። እናቲቱን ልትጎጂብኝ ትችይ ነበር።"

ኢሪያ ፊቷ ቀላ። ቁጣውን ከመጀመሪያ ቃል እስከ መጨረሻው እንደተረዳችው የገባት ግን ቆይቶ ነው። "ልክ ነዎት። ፈርቼ ነው" አለች።

"ፈርተሽም ቢሆን ሠራሽው።" ዜንዚ የልጃቸውን ወፍራም ጃኬት ከግድግዳው አውርደው ትከሻዋ ላይ ጣሉላት። የሾርባና የዳቦ ሳህን አመጡላት፤ እዚያው በረቱ ውስጥ ቆማ በላች። ላሟ ጥጃዋን ስትልስ፣ ጥጃው እየተንገዳገደ ቆሞ እንገር ፍለጋ የተሳሳተ ቦታ ሲጠባ ሁለቱም ሳቁ።

አስር ሰዓት ሲሆን ማይቴ ደወለች። ኢሪያ የሆነውን ስትነግራት ለጊዜው አላመነቻትም። "በይ አሁን አውቶቡሱ እንዳያመልጥሽ ውረጂ። ዶክተሩ ሲመጣ ይደውልልኝና እኔ እነግረዋለሁ።"

"ምን ብለሽ?"

ኢሪያ ስልኩን ዘጋችው።

ዜንዚም በራቸው ላይ ቆመው መንገዱን ጠቆሟት። "ሂጂ አንቺ ልጅ፤ የዛሬው መጨረሻ እሱ ነው። ለዶክተሩ እኔ እነግረዋለሁ።"

ኢሪያ ወደ ላሟ ዞር አለች። የእንግዴ ልጁ ገና አልወጣም። ውስጥ ምን እንደተገፋ፣ ስንት ጊዜ፣ የት ላይ እንደጠበበ፣ በችኮላ የሳበችበት ጊዜ ምን ጎድታ ሊሆን እንደሚችል በእጁ የነካ ሌላ ሰው የለም። ዶክተሩ ይህን ሳይሰማ ላሟን ቢነካት ነገሩን ከግምት ይጀምራል።

አውቶቡሱ ከታች ከመንገዱ ጥምዝ ብቅ ሲል ሁለቱም አዩት። ፌርማታው ጋ ፍጥነቱን ቀነስ አደረገ፤ ሰው ሲያጣ አልፎ ሄደ።

"ምነው? ልታድሪ ነው?" አሉ ዜንዚ።

"የሚያስተኙኝ ከሆነ። ዶክተሩን ግን እኔ አነጋግረዋለሁ። እስኪመጣ ድረስ የምነግረውን በእርስዎ ልለማመድ፤ ስሳሳት ያቁሙኝ።"

አሮጊቷ ባልዲ ደፍተው ተቀመጡበት። በጄሶ የታሰረ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ።

"እሺ። ዶክተሩ እኔ ነኝ፤ ርቦኛል፣ ደክሞኛል፣ ችኩል ነኝ። ምን ሆነ?"

ኢሪያ ጉሮሮዋን ጠራረገችና ጀመረች።