ይህ ድምፅ የሰው አይደለም

ሩሀማ ጽሑፉን የለጠፈችው ባጃጅ ውስጥ ሆና ነው። ከሥራ ወጥታ ወደ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ከእናቷ ጋር ወደምትኖርበት ቤት እየሄደች ነበር። በአንድ እጇ የባጃጁን ብረት ጨብጣ በሌላው እጇ አውራ ጣት ትጽፋለች።

«ዛሬ ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር የዋለው የአቶ ብዙአየሁ ድምፅ የሰው አይደለም። ማሽን የፈጠረው ነው። የሰው ድምፅ አስመስሎ ለመሥራት አሁን ትንሽ ንግግር ይበቃል፤ የእሳቸው የወላጆች ቀን ንግግር ደግሞ በየስልካችን ሞልቷል። ስንት ጊዜ ልንገራችሁ? የሰማችሁትን ሁሉ አትመኑ።»

ከባጃጁ ሳትወርድ ሰው ጽሑፉን ይቀባበለው ጀመር። «ተባረኪ» ይላል አንዱ። «እኔም ጠርጥሬ ነበር» ይላል ሌላው።

ሩሀማ በዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ከሥራ ሰዓት ውጭ ደግሞ «ኔትወርክ አለ?» የሚባል የቴሌግራም ቻናል አላት። የዕለቱን የቴክኖሎጂ ወሬ እያነሳች የመሰላትን ትናገርበታለች። አዲስ ስልክ ወጣ ተብሎ ሰው ሲደሰት፣ መብራት በጠፋ ጊዜ በምን ቻርጅ ልታደርጉት ነው ብላ የጠየቀች እሷ ናት። አዲስ መተግበሪያ አውርዱ ሲባል መጀመሪያ ያለው ይሥራ ትላለች። ሰው የሚወዳት አታመነታም ብሎ ነው። ሰሞኑን ግን አንድ ነገር ይዟታል፤ የውሸት ድምፅና የውሸት ምስል። ሳምንቱን ሙሉ የጻፈችው ስለዚያ ነበር። ስለዚህ ያ ድምፅ ሲመጣ መልሱ አፏ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር።

አቶ ብዙአየሁ እዚያው ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለ መዋዕለ ሕፃናት ባለቤትና ዳይሬክተር ናቸው። በልጅነቷ የሰንበት ትምህርት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ አባቷ የሞተ ጊዜ ከእናቷ ጎን ሆነው ቀብሩን ያስፈጸሙትም እሳቸው። ከሁለት ሳምንት በፊት ትምህርት ቤታቸው ውስጥ አደጋ ደርሶ ነበር። የግቢው ብረት በር ተገንጥሎ ሮቢ የሚባል የአምስት ዓመት ልጅ እግር ሰበረ። ትምህርት ቤቱ ልጆቹን ትጠብቅ የነበረችው መምህርት ስልኳን ስታይ ልጁ በሩ ላይ ተንጠላጠለ ብሎ መምህርቷን ከሥራ አገዳት። ያኔም ሩሀማ ስም ሳትጠራ «መምህራን፣ ስልካችሁን አስቀምጡ» ብላ ጽፋለች።

አሁን የወጣው ድምፅ ግን ሌላ ነገር ይላል። የአቶ ብዙአየሁ ድምፅ ነው፤ ረጋ ብሎ ለአንዲት ሴት ይናገራል፦ «ስልክ እያየሁ ነበር በይ። ሰው ይረዳሻል። ስለ በሩ ካወራሽ ግን በዚህ ከተማ መምህር ሆነሽ አትሠሪም።»

ሩሀማ አንድ ጊዜ ሰማችው፤ እሱንም እስከ መጨረሻው አልሰማችውም። ጋሽ ብዙአየሁ እንዲህ አይናገሩም፤ አለቀ።

በማግሥቱ ዓርብ ጠዋት ስልኳ ጮኸ።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ» አሉ ጋሽ ብዙአየሁ። ድምፃቸው ደክሟል። «ነገ የወላጆች ስብሰባ ጠርተናል። ሽማግሌዎችም አሉ። መጥተሽ ይህ የማሽን ነገር ምን እንደሆነ ብታስረጂልኝ? አንቺን ይሰሙሻል።»

«እመጣለሁ ጋሼ። እርስዎ አይጨነቁ።»

ስልኩን ስትዘጋ ከፊት ለፊቷ የሚቀመጠው ፋሲል ቀና አለ። ሰርቨሮቹን የሚቆጣጠረው እሱ ነው፤ ቁጥብ ሰው ነው።

«ስንት ጊዜ ሰማሽው?» አላት።

«አንድ ጊዜ ይበቃል።»

«የማታውቂው ሰው ድምፅ ቢሆንስ? አንድ ጊዜ ሰምተሽ ትጽፊ ነበር?»

ተናዳበት ምሳዋን ብቻዋን በላች።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ቢሯቸው በር ላይ ቆመች። ቀጠን ያለች፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ የያዘች ናት።

«ሩሀማ አንቺ ነሽ?»

«አዎ። ምን ልርዳሽ?»

«ኤልሳቤጥ እባላለሁ። አንቺ ማሽን ነው ያልሽው ድምፅ የተቀዳው በእኔ ስልክ ነው።»

ፋሲል ወንበሩን ለቀቀላትና ወጣ። ኤልሳቤጥ ግን አልተቀመጠችም።

«መጀመሪያ ስልክ ስታይ ልጅ አስጎዳች ብለሽ ጻፍሽ» አለች። «እሺ፣ ስሜን አልጠራሽም፤ ሰፈሩ ግን ማን እንደሆነች ያውቃል። አሁን ደግሞ ድምፁን በማሽን ሠራች አስባልሽኝ። የወላጆቹ ግሩፕ ላይ ትታሰር የሚል ተጽፏል። ትናንት ማታ አከራዬ ቤት ፈልጊ አለችኝ። እኔ እንኳን ድምፅ ልሠራ ኢሜይል መላክ በደንብ አልችልም።»

«እኔ አንቺን አላልኩም» አለች ሩሀማ።

«ታዲያ ማንን ነው ያልሽው?»

ኤልሳቤጥ ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። በአንድ ትንፋሽ ተረከችላት። የበሩ ማጠፊያ እንደላላ ከአደጋው በፊት ሁለት ጊዜ ተናግራለች። አደጋው የደረሰ ቀን ስልኳ ክፍል ውስጥ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ዳይሬክተሩ መጀመሪያ ጠርተው ሲያስፈራሯት ለሰው ብትናገር ማንም አላመናትም፤ ሁለተኛ ሲጠሯት ስልኳን ድምፅ እንዲቀዳ ከፍታ ገባች። ድምፁን የላከችው ለእህቷ ብቻ ነው። የእህቷ ጓደኛ ቆርጣ ለሌላ ሰው አሳለፈችው፤ ከዚያ ከተማውን ሞላው።

«ሙሉው ይኸውልሽ። ስሚው።»

ሩሀማ ኤርፎን ሰካች። ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ከጎረቤት ክፍል ልጆች ፊደል በዜማ ይላሉ። ጋሽ ብዙአየሁ ጉሮሯቸውን ጠርገው ይጀምራሉ። ከተማው የሰማው ቁራጭ አለፈ። ወዲያው ስልክ ጠራ፤ እሳቸው አነሱት።

«አቤት። አሁን ሰው አለ። እሁድ ና፤ ልጆች ሳይኖሩ ትቀይረዋለህ። አዎ፣ ሁለቱንም ማጠፊያ። ቀለሙንም ያንኑ አድርገው።»

ከዚያ ወደ ኤልሳቤጥ ተመለሱ፤ «እና እንደነገርኩሽ...»

ሩሀማ ኤርፎኑን ነቀለች። ለማታለል ድምፅ የሚሠራ ሰው የሚፈልገውን ሠርቶ ያቆማል እንጂ መሃል ላይ ስለ ማጠፊያ ቀለም አይጨምርም ብላ አሰበች። ግን ማሰብ ብቻውን አይበቃም፤ ትናንትም አስባ ነበር።

«የደወለው ማን ነው?»

«በሩን የሠራው ሰውዬ ይመስለኛል። ሙክታር ይባላል። መሃል ከተማ ብየዳ ቤት አለው።»

«አብረን እንሂድ።»

«እኔን ካየ አይናገርም። ሂጂና አንቺ ጠይቂው። አንቺን ሰው ያምናል አይደል?» አለች ኤልሳቤጥ። ከመሄዷ በፊት ሙሉውን ቀረጻ ወደ ሩሀማ ላፕቶፕ አሳለፈችላት።

ሙክታር ብየዳ ላይ ነበር። ሩሀማን ሲያይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አወጣ። የመጣችበትን ነገረችው። ፊቱ ወዲያው ጠቆረ።

«እህቴ፣ እኔ የብዙ ሰው በር እሠራለሁ። ሁሉን አላስታውስም።»

«እሁድ ዕለት ትምህርት ቤቱ ሄደው ነበር?»

የሚበየደውን ብረት ገለበጠው።

«ሄጃለሁ» አለ በመጨረሻ። «ቀይሬአለሁ። የድሮዎቹ ተበልተው አልቀው ነበር። አንቺ ማሽን ነው ስትይ ደግሞ እፎይ አልኩ። እንግዲህ አያገባኝም፣ የሚያውቁ ሰዎች ጨርሰውታል ብዬ።»

«ነገ ስብሰባ አለ። መጥተው ይህን ቢናገሩ...»

«አልመጣም። ስሜንም አታንሺ። በዚህ ከተማ ነው የምሠራው፣ ሥራ የሚያመጡልኝም እንደ እሳቸው ያሉ ሰዎች ናቸው። ጠየቅሽኝ፣ እውነቱን ነገርኩሽ።» መነጽሩን መለሰና እሳቱን ለኮሰ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ነጠላዋን እያስተካከለች «በደንብ አስረጂላቸው» አለቻት። «ሰውዬውን እኮ በቁሙ ሊቀብሩት ነው።» ሩሀማ የሰማችውን አልነገረቻትም። ላፕቶፗን ይዛ ወጣች።

ኤልሳቤጥ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ቆማለች። ዘበኛው እንዳያስገባት ተነግሮታል። ሩሀማ ልታናግራት መንገዱን ስታቋርጥ ኤልሳቤጥ በእጇ መለሰቻት፤ ግቢ አለቻት።

ስብሰባው የሕፃናት ክፍል ውስጥ ነው። ወላጆች በትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። ግድግዳው ላይ የልጆች ሥዕል ተለጥፏል። ከፊት ጋሽ ብዙአየሁና የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አቶ አምሳሉ አሉ። የሮቢ አባት መክብብ ግን አልተቀመጠም፤ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ጋሽ ብዙአየሁ ሩሀማን ሲያዩ ተነስተው ትከሻዋን ሳሟት።

አቶ አምሳሉ ጸሎት አድርገው ሲጨርሱ «እንግዲህ ልጃችን ባለሙያ ናት፤ ታስረዳን» አሉ።

ሩሀማ ተነሳች።

«ሐሙስ ማታ ድምፁ የማሽን ነው ብዬ ጽፌ ነበር» አለች። «ተሳስቻለሁ። በደንብ ሳልሰማ ነው የጻፍኩት። ድምፁ የሰው ነው። የጋሽ ብዙአየሁ ነው።»

ጋሽ ብዙአየሁ ቀስ ብለው ዞሩ።

«ልጄ፣ ምን ሆነሻል? ማን አስፈራራሽ?»

«ማንም አላስፈራራኝም ጋሼ።»

አንዲት እናት ከመሃል ተነሳች። «ትናንትና ማሽን አልሽ፣ ዛሬ ሰው ነው ትያለሽ። ነገ ደግሞ ምን ልትዪን ነው? እኛ ማንን እንመን?»

«እኔን አትመኑኝ» አለች ሩሀማ። «ሙሉውን ስሙትና እናንተ ፍረዱ።»

«ይህ አያስፈልግም» አሉ ጋሽ ብዙአየሁ። እጃቸውን ወደ ላፕቶፑ ዘረጉ። አቶ አምሳሉ ክንዳቸውን ያዝ አደረጓቸው።

«እንስማ» አሉ። «ከሰማን በኋላ እርስዎም ይናገራሉ።»

ሩሀማ ከፈተችው። ክፍሉ ውስጥ ያ ረጋ ያለ ድምፅ ሞላ፣ ባለቤቱም እዚያው ተቀምጠዋል። ስልኩ ጠራ። «እሁድ ና፤ ልጆች ሳይኖሩ...» ሲል ከኋላ አንድ ሰው ተንቀሳቀሰ። መክብብ ነው። ምንም ሳይናገር ወጣ። በግቢው ሲራመድ፣ ከዚያ ብረቱ በር ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ደግሞ ሲከፈት ሁሉም ሰሙት። የሚሰማው መቀርቀሪያው ብቻ ነው፤ ማጠፊያው አይጮኽም።

ተመልሶ በራፉ ላይ ቆመ። በአውራ ጣቱ ጥፍር ሥር የተፋቀ አረንጓዴ ቀለም ገብቷል።

«ጋሽ ብዙአየሁ፣ ሆስፒታል መጥተው ማጠፊያው ጤነኛ ነው፣ በሩን መልሰን የሰቀልነው በዚያው በድሮው ነው ብለውኝ ነበር» አለ። አልጮኸም። «ማጠፊያው አዲስ ነው። ቀለሙን ብፍቀው ከሥሩ ምንም ዝገት የለውም። ልጄን ምን ሰበረው ብዬ ስጠይቅዎት ለምን አልነገሩኝም?»

ጋሽ ብዙአየሁ መጀመሪያ ሩሀማን አዩ፤ ከዚያ ወለሉን።

«ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ የእናንተ ልጆች የት ይሄዳሉ?» አሉ። «እኔ ለራሴ ብዬ መሰላችሁ?»

አቶ አምሳሉ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከመሃል የተነሳችው እናት ቀስ ብላ ተቀመጠች። ሌላ ማስረጃ የጠየቀ አልነበረም።

ሩሀማ ስትወጣ ኤልሳቤጥ ያው ከመንገዱ ማዶ ነበረች።

«ሰሙት» አለቻት ሩሀማ። «መክብብም በሩን ሄዶ አየ።»

«በሩን ለማየት ይህ ሁሉ ያስፈልግ ነበር?»

«ኤልሳቤጥ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ኤልሳቤጥ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አነገተች። «የተጻፈውን አጥፊና ትክክለኛውን ጻፊ» አለች። «ስለ ሁለቱም።» ባጃጅ አስቁማ ገባች።

ሩሀማ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጻፈች። ስለ ስልኩም ስለ ድምፁም። የሙክታርን ስም አላነሳችም። ሰው ጽሑፏን ሲቀባበል የነበረውን ያህል ሰደባት። ተገዝታለች ያለ አለ፤ ብዙ ሰው ቻናሉን ለቆ ወጣ። ከዚያ በኋላ ስለ ሰው ከመጻፏ በፊት ለዚያ ሰው ትደውላለች። ይህ ያዘገያታል፤ ወሬውን ሌሎች ቀድመው ይጽፉታል።

የኤልሳቤጥ እግድ ተነሳ፤ እሷ ግን ወደዚያ ግቢ አልተመለሰችም። ሌላ መዋዕለ ሕፃናት ገባች። አከራይዋም ቤት ፈልጊ ማለቷን ተወች። ጋሽ ብዙአየሁ ዳይሬክተርነታቸውን ለሌላ ሰው ለቀቁ። የሩሀማ እናት ሳምንት ሙሉ ከሰላምታ በቀር ከልጇ ጋር አልተነጋገረችም።

አንድ ቀን ሩሀማ ከሥራ ስትመለስ በራፉ ላይ የወንድ ጫማ አገኘች። ጋሽ ብዙአየሁ ሳሎን ተቀምጠዋል። ሻያቸው አልተነካም። እናቷ ሩሀማ ስትገባ ተነስታ ወደ ጓዳ ሄደች።

ሩሀማ ቆማ ቀረች።

«ልጁን ልጠይቅ ሄጄ ነበር» አሉ ጋሽ ብዙአየሁ። «መክብብ አያስገባኝም ብዬ ነበር። አስገባኝ።»

ሩሀማ ቦርሳዋን አስቀምጣ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«እግሩ እንዴት ነው?»

«ጀሶው ወጥቶለታል» አሉ። «ግድግዳ ይዞ ይራመዳል።»