ምባርካ የፈለፈለችው ክፍል

ዝናቡ አምስት ቀን ሙሉ አላባራ ብሎ በማትማታ ኮረብታ ያሉትን የጉድጓድ ቤቶች ውሃ ሞላቸው። የሦስት ሰው ቁመት ያህል ወደ ታች የተቆፈረው የምባርካ ግቢም ኩሬ ሆኖ ሰነበተ። ከግቢው ግድግዳ ተፈልፍሎ ለልጇ ለዓማር ሠርግ የተዘጋጀው ክፍል ጣራው ወርዶ አፈር ዋጠው።

ጎረቤቱ ሁሉ መንግሥት ሜዳው ላይ ወዳሠራው የሲሚንቶ ቤት ጓዙን ጭኖ ወረደ። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ምባርካ ግን ውሃው እስኪመጥ ጠበቀችና ዶማ አነሳች።

የሠፈራው ሹም በጭነት መኪና መጥቶ ከአፋፉ ቁልቁል ተጣራ።

«እናቴ፣ ቤት ቁጥር አርባ ሁለት የእርስዎ ነው። ይውጡና እንሂድ።»

«ስንት ክፍል አለው?»

«ሁለት።»

«ልጄ ሲያገባስ?»

«ያው ሁለት ነው።»

«እንግዲያው አንተ ግባበት። እኔ ቤት ሲጠበኝ ግድግዳዬን እቆፍራለሁ።»

«እዚህ ከቀሩ ውሃ በቦቴ አይመጣልዎትም።»

«ውሃማ ሰሞኑን ጠግቤያለሁ» አለችው፣ ቀና ሳትል።

ክፍል መፈልፈል በዚያ አገር የወንድ ሥራ ነው። ዓማር ደግሞ በዋና ከተማው በቱኒስ ወደብ በሸክም ሥራ ላይ ነበር። ምባርካ ብቻዋን ቆፈረች፤ አፈሩን በአህያ እየጫነች ከግቢው ወደ ውጭ በሚወስደው የመግቢያ ዋሻ አወጣች። ትከሻዋ አብጦ እንቅልፍ ሲነሳት፣ እንዲህ ከሆነስ ቢቀርብኝ ብላ አንድ ሁለቴ አስባለች። ሲነጋ ግን ትነሳለች።

በአሥረኛው ቀን ሽማግሌው ጉድጓድ ቆፋሪ ብልጋሰም ከሜዳው ወጥቶ መጣ።

«ሴት ጣራ ስትቀርጽ አየሁ ብዬ ለማን ላውራ?»

«ለሠርገኛው ሁሉ ያውሩ፣ አጎቴ። መጀመሪያ ግን ጣራውን ይዩልኝ።»

ሽማግሌው ገባ፤ ጣራውን በጣቱ እያንኳኳ አዳመጠ።

«አጉብጪው። እንዲህ ከተውሽው ሙሽሮቹ ላይ ይወርዳል።»

ከዚያ ጥምጥሙን አውልቆ ዶማዋን ተቀበላት።

«ሲሚንቶው ቤትዎስ?» አለችው።

«ምድጃ ነው። ሚስቴ ዳቦ ትጋግርበት።»

ክፍሉ በኖራ ተለስኖ ዓማር ሚስቱን በመከር አገባ። ቦቴው እንደተባለው አልመጣም፤ ምራትና አማት ከኮረብታው ጀርባ ካለው አሮጌ የውሃ ጉድጓድ በአህያ ሲያመላልሱ ከረሙ። ምባርካ ቀኝ እጇ ከዚያ ወዲያ ከትከሻዋ በላይ አልተነሳላትም።

በሁለተኛው ጸደይ አራት አባወራዎች ዶማቸውን ይዘው ከሜዳው ተመለሱ። ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም።