የአባቷ ትከሻ

«ሸሚዙንም ነው የማወልቀው?» አለ አባቷ፣ ኮቱን በክንዱ ላይ አጥፎ እንደያዘ።

«ካላስቸገርንዎት ጋሼ። የምንሠራው ከወገብ በላይ ነው» አለ መምህሩ።

አባቷ ዞር ብሎ አያት። እሷ መግቢያ ጠፍቷት፣ አንገቷን ደፍታ የሥዕል ከሰሏን በምላጭ መቅረጽ ያዘች። ስለ ሸሚዝ ትንፍሽ አላለችም ነበር። «ቁጭ ማለት ብቻ ነው አባዬ፣ ሌላ ምንም የለውም» ብላ ነው ያመጣችው። እናቷ ደግሞ ባሏ ፎቶ የሚነሳ መስሏት ነጩን ሸሚዝ አንገትጌው ቀጥ እስኪል ተኩሳለታለች፣ ጫማውን ወልውላለች። ያ ሁሉ ሽር ጉድ እንግዲህ ወንበር ላይ ሊንጠለጠል ነው።

«ምን ይደረግ፣ አንዴ መጥተናል» አለና ቁልፎቹን መፍታት ጀመረ።

ነገሩ የመጣው በእሷው ምላስ ነው። ለክፍሉ ሞዴል ሆነው የሚቀመጡት ሽማግሌ ልጃቸው ዘንድ ሄደው በዚያው ቀሩ። መምህሩ «ሰው ፈልጉ» ቢል ሁሉም መሬት መሬቱን አየ። እሷ ግን ሳታስበው «አባቴ ይመጣል» ብላ ቁጭ። ሥራ ካቆመ ወዲህ ቤት ውሎ ግድግዳ ላይ ሲያፈጥ ማየቱ አንጀቷን በልቷት ነበር፤ ትንሽ ሰው መሃል ይዋል ብላ ነው። ደግሞም እውነቱን እንናገር ከተባለ መምህሩን ደስ ማሰኘት ፈልጋለች። የዛሬው ሥዕል የአንደኛ ዓመት መጨረሻ ፈተና ነው። ያለፈ ሁለተኛ ዓመት ይገባል፣ የወደቀ ይሰናበታል፣ አለቀ።

እሷ ደግሞ አፋፍ ላይ ናት። ተማሪው መምህሩን ከኋላው «ላጲስ» ይለዋል፤ አፉ ላይ ያለው ቃል «አጥፊው፣ አጥፋው» ብቻ ነውና። ላጲስ ባለፈው ሰሞን ለብቻዋ ጠርቶ ፊት ለፊት ነግሯታል።

«እጅሽ ጎበዝ ነው። ዓይንሽ ግን ሰነፍ ነው። የምታውቂውን ነው የምትስይው፣ የምታይውን አይደለም።»

«አስተካክላለሁ ቲቸር።»

«በመጨረሻው ሥዕል ካላስተካከልሽ አላሳልፍሽም። ጠልቼሽ አይደለም፤ ሁለተኛ ዓመት ብትገቢ ስለምትቸገሪ ነው።»

ያን ቀን እዚያው መጸዳጃ ቤት ገብታ አልቅሳለች። ሰፈሩ ሁሉ «ሰዓሊዋ» ነው የሚላት፤ ተሰናብታ ብትመለስ ምን ብላ በዚያ መንገድ ታልፋለች?

አባቷ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ሆኖ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ጢሞ የሚሉት የክፍሏ ልጅ ጎንበስ ብሎ በእግሮቹ ዙሪያ ወለሉ ላይ በጠመኔ አሰመረ፣ እጁ ጉልበቱ ላይ ያረፈበትንም ምልክት አደረገ። ሞዴል ለእረፍት ተነስቶ ሲመለስ እንደነበረው እንዲቀመጥ እንዲህ ነው የሚያደርጉት።

«ምነው፣ እንዳልጠፋ ነው?» አለ አባቷ። ክፍሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች።

ከዚያ ሁሉም ወደ ወረቀቱ ዞረ። ከሰል ወረቀት ላይ ሲሄድ ብቻ ይሰማል።

አባቷ በያጅ ነበር። በሰፈራቸው ካለው የብረት በር ግማሹን የበየደው እሱ ነው። ሌላው ሰው ለሁለት የሚሸከመውን ብረት ብቻውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ በሌላው እጁ እሷን ይዞ መንገድ ያቋርጥ ነበር። ያንን ትከሻ ጨለማ ውስጥም ብትሆን መሳል አያቅታትም። እጇ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ሳትጠይቀው ሰፊ መስመር አሰመረ፤ አንገቱን ወፈር፣ ደረቱን ሞላ አደረገው። አንዳንዴ ቀና ትልና ቶሎ ወደ ወረቀቷ ትመለሳለች።

ቀና ብሎ ማየቱን ቤታቸው ውስጥ ማንም አይፈልገውም። እናቷ የአባቷን ሱሪ ወገብ በየጊዜው በመርፌ ታጠባለች፤ ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ሲያስለው ቴሌቪዥኑን ከፍ ያደርጉታል። «እስቲ ሐኪም ይይህ» ቢባል «እረፍት ሳገኝ ነው የከሳሁት» ብሎ ይቀልዳል። ሰው ሲያርፍ ይወፍራል እንጂ ይከሳል እንዴ? ግን ማን ደፍሮ ይህን ይበለው! ሁሉም ይስቅና ወደ ሥራው ይሄዳል።

«እረፍት!» አለ መምህሩ።

አባቷ ሸሚዙን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ብድግ አለ። አንድ ተማሪ ውሃ ቢያቀርብለት «ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ራሴን ልየው» ብሎ ከአንዱ የሥዕል ማቆሚያ ወደ ሌላው መዞር ጀመረ። እሷ ይህን አላሰበችውም ነበር። የበፊቱ ሞዴል፣ ሽማግሌው፣ አንድም ቀን ዞረው አይተው አያውቁም፤ እረፍት ሲባል ደጅ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ።

የመጀመሪያው ሥዕል ፊት ቆመ። ወደ ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ቀልዱ ሁሉ ጠፋበት። የጢሞ ሥዕል ፊት ብዙ ቆየ። ጢሞ ጎበዝ ነው፣ ክፉ ጎበዝ፤ የጎድን አጥንቱን አንድ በአንድ፣ አንገቱ ሥር የጎደጎደውን፣ እንደ ተንጠለጠለ ልብስ የወረደውን ትከሻ አንዱንም አልማረም።

«ይኼ እኔ ነኝ?»

ጢሞ ደነገጠ። «ይቅርታ አባባ፣ ጥላውን ትንሽ አብዝቼው ነው።»

«የለም፣ የለም። ጎበዝ ነህ።»

እሷ ጋ ደረሰ። ወረቀቷን ሲያይ ፊቱ በራ።

«እሰይ! ይኼ ነው እንጂ! ይኸው እኔ!» አለ፣ ሁሉም እስኪሰማ ድረስ።

ከዚያ ወደ ጢሞ ሥዕል መለስ ብሎ አየ። ወደ እሷ ተመለሰ። እንደገና የሌሎቹን አየ። ድምፁ ወረደ።

«ይኼ ሁሉ ልጅ ተሳስቶ አንቺ ብቻ ልክ ልትሆኚ አትችይም፣ አይደል ሚጣዬ?»

«አባዬ፣ እነሱ እኮ…» አለች።

መምህሩ ከኋላቸው መጥቶ ቆሞ ነበር። ሥዕሏን አየው፣ አባቷን አየው፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰውዬው እዚያው ባይቆም ኖሮ «አጥፊው» ይል ነበር።

«አዲስ ወረቀት አውጪ» አላት ዝግ ብሎ። «ይኼ የድሮ ሰው ነው። ቀሪ ጊዜ አለሽ፤ ሌላ እድል የለሽም።»

አባቷ ሰማ። ሄዶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፣ እግሩን የጠመኔው መስመር ውስጥ አስገባ፣ እጁን ምልክቱ ላይ አሳረፈ።

ሥራው እንደተጀመረ ክፍሉ ውስጥ ጉምጉምታ ተነሳ።

«ትከሻው ተነስቷል» አለች አንዷ።

«ደረቱም ልክ አይደለም። የኔ ሁሉ ተበላሸ!» አለ ሌላው።

እውነትም አባቷ ደረቱን ነፍቶ፣ ትከሻውን እስከሚችለው ድረስ ሰቅሎ ነበር የተቀመጠው። የአንገቱ ጅማት ተገትሯል። ግንባሩን ላብ አጥምቆታል።

«ጋሼ፣ ቅድም ከነበሩበት ትንሽ ከፍ ያሉ መሰለኝ» አለ መምህሩ።

«እንደዚህ ነበርኩ።»

«አይ፣ ቅድም ትንሽ ዘና ብለው…»

«እንደዚህ ነበርኩ አልኩ እኮ! እግሬ መስመሩ ላይ አይደለም?»

ማንም አልሳቀም። እግሩ በእርግጥ መስመሩ ላይ ነው፤ ለትከሻ ግን ጠመኔ የለውም። መምህሩ ዞር ብሎ እሷን ተመለከተ።

ያኔ ገባት። አባቷ የእሷን ሥዕል ለመምሰል ነው የሚታገለው። ሌሎቹ የሳሉትን አጥፍተው እንዲያስተካክሉ፣ የእሷ ልክ ሆኖ እንዲገኝ፣ እንድታልፍ። ሳሉን አፍኖ ይዞታል፤ ጥርሱን ከመንከሱ የተነሳ ጉንጩ ይንቀጠቀጣል። ዝም ብትለው ወድቆ እስኪሞት ድረስ እንደዚያው ይቀመጥላታል። በራሷ ተናደደች።

ከሰሏን አስቀምጣ ወደ እሱ ሄደች።

«አባዬ፣ አውርደው።»

«ሂጂ ሥራሽን ሥሪ» አላት ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። «ለአንቺ ብዬ ነው። እነሱ ያስተካክሉ።»

«አውቃለሁ። አውርደው በቃ፣ በእኔ ሞት።»

«ቶሎ ይደክመኛል ብለሽ ነው? እስከ ማታ ብትሉኝ እቀመጣለሁ።»

«የኔ ነው የተሳሳተው አባዬ። ላይህ ስላልፈለግኩ ነው።»

እሷ ሁለት እጇን ትከሻዎቹ ላይ አደረገች። ልጅ ሆና እዚያ ላይ ተቀምጣለች፤ ከዚያ ወዲህ ነክታው አታውቅም። መዳፏ ያገኘው አጥንት ነው፣ ቆዳውም ትኩስ ነው። ቀስ ብላ ወደ ታች ጫን አለችው። መጀመሪያ እምቢ አለ። ከዚያ ትንፋሹ ወጣ፣ ትከሻውም ወረደ፣ ወረደ፤ ቅድም ከነበረበትም አልፎ ወረደ። ያፈነው ሳል አብሮ ተለቀቀ። ክፍሉ በሙሉ እጁን አቁሞ ጠበቀ። እሷ ጀርባውን ይዛ እስኪያልፍለት ቆመች።

«ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አለችው ጆሮው ሥር። «እኔና አንተ። እማዬንም ይዘናት።»

አባቷ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። የተማሪዎቹን ማቆሚያዎች አንድ በአንድ አየ። ጉራውም ቀልዱም አልመጣለት አለ።

«እንሄዳለን» አለ በመጨረሻ። «አሁን ግን ሥራሽን ጨርሺ። እንደ ልጁ አድርገሽ ሥሪው፣ እንደዚያ እንደ ጢማሙ።»

ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ንጹሕ ወረቀት ሰቀለች። ከሰሉን ይዛ፣ ወረቀቱን ሳትነካ፣ ቀና ብላ አባቷን አየችው። ዓይኗን እንባ ሞላው፤ ጠረገችውና እንደገና አየችው። እሱም አያት። ማንኛቸውም ዞር አላሉም።

ከዚያ ከአንገቱ ሥር፣ ከጎደጎደው ቦታ ጀመረች።